የኢሺ ደጋን፤ በአደን ላይ ፍላጻን አቅንቶ ስለ መወርወር

ቀስት በአማርኛችን ሁለት ነገር ይጠራበታል። በግዕዝ ቀስት የሚባለው ጎባጣው እንጨት ሲሆን ከእርሱ የሚወረወረው ሐጽ ነው፤ በዛሬው አነጋገር ግን ቀስት ሲባል አንዳንዱ እንጨቱን፥ አንዳንዱ የሚበረውን፥ አብዛኛው ሰው ደግሞ ሁለቱን በአንድነት ያስባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንጨቱን ደጋን፥ የሚወረወረውን ፍላጻ፥ ደጋኑን ወጥሮ የሚይዘውን ገመድ አውታር፥ ሙያውን በጠቅላላው ቀስት እንላለን። ደጋን የሚለው ቃል ከአዳኝ እጅ ወጥቶ በጥጥ ነዳፊ እጅ መቅረቱ፥ ነደፈ የሚለውም ግስ በግዕዝ በፍላጻ መውጋትን ሲያመለክት በእኛ ዘንድ ወደ ጥጥና ወደ ንብ መዞሩ፥ መሣሪያው ከደገኛው ሕዝብ ከራቀ ብዙ ዘመን መሆኑን ሳያመለክት አይቀርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤተ መዘክር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ደጋን ርዝመቱ፥ የእንጨቱ ዓይነት፥ የተገኘበት አገርና ዓመት በካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባለቤቱ በየትኛው ጣቱ እንደ ሳበው፥ እጁን ሲስብ እስከ ጆሮው ወይስ እስከ ደረቱ እንዳደረሰው፥ ቆሞ ወይስ ቁጢጥ ብሎ እንደ ወረወረ ግን ካርዱ አይናገርም። ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ የደጋንን መልክ መዝግቦ አሳሳቡን መተው፥ የመሰንቆን መልክ ሥሎ አመታቱን እንደ መተው ነውና። ፍላጻው ለምን እንደሚመታና ለምን እንደሚስት ለማወቅ የምንሻ እንደ ሆነ፥ መሣሪያውና የባለቤቱ ሰውነት በአንድነት የተመዘገቡበትን ጉዳይ መፈለግ አለብን። እንዲህ ያለው ጉዳይ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹም ተሟልቶ የተጻፈው፥ በካሊፎርኒያ ተራሮች ከኖሩት ከያሂ ሰዎች የመጨረሻው የሆነው የኢሺ ጉዳይ ይመስለናል።

ያሂ ከያና ሕዝብ ወገን የሆነ፥ በላሰን ተራራ ግርጌ በሚገኙት ሸለቆዎች የኖረ አነስተኛ ነገድ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወርቅና መሬት ፈልገው በመጡ ሰፋሪዎች እየተጨፈጨፈ ጥቂቶች ብቻ ተረፉ፤ እነዚህም 40 ዓመት ያህል በገደልና በጫካ ተሰውረው ኖሩ። በነሐሴ ወር 1911 ከእነርሱ የቀረው አንድ ሰው ተርቦና ብቻውን ሆኖ ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ ካለ የከብት ማረጃ ዘንድ ተገኘ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ቶማስ ዋተርማንና አልፍሬድ ክሮበር ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው ቤተ መዘክር አመጡት፤ እውነተኛ ስሙንም በወገኖቹ ልማድ ምክንያት ሊናገር ስላልወደደ ክሮበር ኢሺ ብሎ ጠራው፤ ትርጓሜው በቋንቋው ሰው ማለት ነው። ከቤተ መዘክሩ ጎን በነበረው የሕክምና ትምህርት ቤት የቀዶ ጥገና መምህር የነበረው ሳክስተን ፖፕ ከ1912 ጀምሮ ሐኪሙም ወዳጁም ሆነ፤ ደጋን መሥራትንና መሳብንም ከእርሱ ተማረ። ያየውንና የለካውን በ1918 ስለ ያሂ ቀስት ባሳተመው ጥናት፥ ኋላም በ1923 ስለ ቀስት አደን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። አንድ ሐኪም፥ የሰውን ጡንቻና አጥንት የሚያውቅ ሰው፥ ከአንድ አዳኝ አጠገብ ዓመታት ሙሉ ተቀምጦ እጁን መመልከቱ ለሙያችን ትልቅ ዕድል ነበረ።

የኢሺ ደጋን አጭር ነው፤ ርዝመቱ 42 ኢንች፥ ማለት 107 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ እርሱ ራሱ የሚለካው ወደ ጎን ከተዘረጋው እጁ እስከ ተቃራኒው ዳሌው ድረስ ነበረ። እንጨቱ የተራራ ጥድ ነው። በጀርባው በኩል የአጋዘን ጅማት ታኝኮ ከለሰለሰ በኋላ ከሳልሞን ዓሣ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይለጠፍበታል፤ ይህ ጅማት አጭር እንጨት ሳይሰበር አብዝቶ እንዲጎብጥ ያስችለዋል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ 45 ፓውንድ፥ ማለት 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነበረ። በእንግሊዝ አገር ለጦርነት ይሠራ ከነበረው ረጅም ደጋን ጋር ሲተያይ እጅግ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በቁጥቋጦ ሥር እየተሳበ የሚሄድ አዳኝ ስለሆነ የሰው ቁመት የሚያህል እንጨት ይዞ መጓዝ አይመቸውም።

ስለ ፍላጻው ግን ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ከሩቅ የሚመለከት ሰው አነጣጣሪ ዐይንን ሲያመሰግን፥ ቀስተኞች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያመሰግኑት ቀጥ ያለ ዘንግን ነው። ኢሺ ከቁጥቋጦ የቆረጣቸውን ቀጫጭን ዘንጎች ልጦ ያደርቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ጎበጥ ያለውን ወገን ወደ ጥቂት የጋለ ፍም ያስጠጋል፤ እንጨቱ ሲሞቅ በእግሩ አውራ ጣት ተጭኖ ወይም በመዳፉ ሥር አስደግፎ ያቀናዋል። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በዘንጉ ርዝመት እየተመለከተ ጉብታውን አንድ በአንድ ያስተካክላል። ከጫፉ በኩል ከበድ ካለ እንጨት የተሠራ አጭር ዘንግ ይቀጥልበታል፤ በዚህም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ፍላጻው አየር ላይ አይዋልልም። በኋላው በኩል ሦስት የላባ ክንፎች በጅማት ይታሰራሉ፤ የላባውም ሥራ ጅራቱን ወደ ኋላ መጎተትና አቅጣጫውን መጠበቅ ነው። በራሱ ላይ የሚቀመጠው የባልጩት ስለት በአጋዘን ቀንድ ጫፍ እየተጫኑ የሚፈለጥ ነው። ይህ ሁሉ ድካም አንዱ ፍላጻ ከሌላው እንዳይለይ ለማድረግ ነው። አንድ ቀስተኛ ክንዱ ምንም ያህል ቢጸና፥ ዐሥሩ ፍላጻዎቹ ዐሥር ዓይነት ከሆኑ ዐሥር ቦታ ይወድቃሉ።

ለዚህም የተፈጥሮ ሕግ ምክንያት አለው። ፍላጻ በደጋን ላይ ሲቀመጥ ከመያዣው ጎን እንጂ በመካከሉ አያልፍም፤ አውታሩ ሲለቀቅ ግን ወደ ደጋኑ መካከል ይሮጣል። በዚህ ጊዜ ፍላጻው በመያዣው ተገፍቶ ከዒላማው ወደ ጎን መሄድ የሚገባው ይመስላል፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት በ1930ዎቹ በፍጥነት ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሣሪያዎች ናቸው፤ በተለይ ክላረንስ ሂክማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ባነሣው ፊልም ላይ እንደታየው፥ ፍላጻው ከኋላ በድንገት ሲገፋ እንደ እባብ ይታጠፍና መያዣውን ዞሮ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይቀናል። እንግዲህ የዘንጉ ጥንካሬ ከደጋኑ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። በቀኝ እጁ የሚስብና ፍላጻውን በደጋኑ ግራ የሚያስቀምጥ ሰው፥ ዘንጉ ከመጠን በላይ የጠነከረ እንደ ሆነ ወደ ግራ፥ ከመጠን በላይ የላላ እንደ ሆነ ወደ ቀኝ ይስታል። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ክንዱን ሲወቅስ ይኖራል። ኢሺ ፊልም አላየም፤ ነገር ግን ዘንግ ሲመርጥ በእጁ እያጎበጠ የሚመዝነው ይህንኑ ነበረ።

አሁን ወደ ሰውነት እንመለስ። ቀስት በሚሳብበት ጊዜ ጣት አውታሩን የሚይዝበት መንገድ በየሕዝቡ የተለያየ መሆኑን መጀመሪያ በሥርዓት የመደበው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ ነው። በ1885 ባሳተመው ጽሑፍ አያያዞቹን ቀዳማዊ፥ ካልኣዊ፥ ሣልሳዊ፥ ሜዲቴራኒያዊና ሞንጎላዊ ብሎ በአምስት ከፈላቸው። ቀዳማዊው ሕፃን ልጅ ሁሉ ሳያስተምሩት የሚያደርገው፥ የፍላጻውን ጭራ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መሳብ ነው፤ ብርቱ ደጋን ግን በዚህ አይሳብም፤ ጣት ያዳልጠዋልና። ሜዲቴራኒያዊው አውታሩን በሁለት ወይም በሦስት ጣቶች ጫፍ አጥፎ መያዝ ሲሆን የአውሮፓ ልማድ ነው። ሞንጎላዊው አውታሩን በታጠፈ አውራ ጣት ይስባል፤ ብዙ ጊዜም ጣቱን የሚጠብቅ ቀለበት ይደረግበታል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ብለው በጠሩት በኩሽ አገር፥ በሜሮዌ ዘመን መቃብሮች ውስጥ ከድንጋይ የተሠሩ እንዲህ ያሉ የአውራ ጣት ቀለበቶች መገኘታቸውን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል፤ ግብፆች ያንን ምድር ታ ሴቲ፥ ማለት የደጋን አገር ይሉት የነበረው ያለ ነገር አልነበረም።

የኢሺ አያያዝ ከሞንጎላዊው ጋር የተቀራረበ ሆኖ የራሱ መልክ ነበረው። አውታሩን በታጠፈው አውራ ጣቱ ይይዛል፤ የመካከለኛውን ጣት በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አድርጎ ያጠናክረዋል፤ ቀለበት አያደርግም። ደጋኑን እንደ እንግሊዞች ቀጥ አድርጎ አያቆመውም፤ በሰውነቱ ፊት አግድም አዘንብሎ ይይዘዋል። የሚስበውም እጅ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ጉንጭ ሳይሄድ ደረቱ ዘንድ ይቆማል። በግራ እጁ ያለው ደጋን የተጨበጠ ሳይሆን በመዳፉ ላይ ያረፈ ያህል ላላ ብሎ ይያዛል። ቁጢጥ ብሎ ወይም ተንበርክኮ መወርወርን ያዘወትራል፤ አጭርና አግድም የተያዘ ደጋን መሬት ሳይነካ በዝቅታ ሊሳብ የሚችል ነውና።

ይህን ከእንግሊዞች ትምህርት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሮጀር አስካም በ1545 ባሳተመው ቶክሶፊለስ በተባለው መጽሐፍ የቀስትን ሥርዓት በአምስት ነገር አጠቃሎታል፤ እነዚህም አቋቋም፥ ፍላጻን ከአውታር ማግጠም፥ መሳብ፥ ጥቂት ይዞ መቆየትና መልቀቅ ናቸው። በአስካም ሚዛን ኢሺ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ይወድቃል፤ ቆሞ አይወረውርምና። ነገር ግን ሁለቱን ትምህርቶች ጠለቅ ብለን ብንመረምራቸው አንድ ሥር አላቸው፤ ይኸውም አንዱ ውርወራ ከሌላው እንዳይለይ ማድረግ ነው። እጅ በጉንጭ ይቁም በደረት ከራሱ ከፍላጻው አንጻር ልዩነት የለውም፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መቆሙ ግን ሁሉንም ነገር ይወስናል። እንዲህ ያለ ደጋን በእያንዳንዱ ኢንች ስበት ሁለት ፓውንድ ያህል ጉልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አንድ ኢንች አሳጥሮ የሚስብ ሰው በየጊዜው ሌላ ደጋን እንደሚወረውር ይቆጠራል። የላላ ጭብጥም እንደዚሁ ነው። ጣቶች ደጋኑን አንቀው ሲይዙ በለቀቀበት ቅጽበት ያጣምሙታል፤ መዳፍ ብቻ ሲገፋው ግን ደጋኑ የራሱን መንገድ ይሄዳል። በመሳብም ጊዜ ሸክሙ በክንድ ላይ ሳይሆን በትከሻ አጥንቶች መካከል ባለው የጀርባ ጡንቻ ላይ መዋል አለበት፤ ክንድ ቶሎ ይደክማል፥ ይንቀጠቀጣልም።

ከሁሉም የሚከብደው መልቀቅ ነው። መልቀቅ ሥራ ሳይሆን የሥራ መቆም ነው፤ ጣት ይፈታል እንጂ አይገፋም። ብዙ ቀስተኞች፥ በጎ ልምድ ያላቸው ጭምር፥ አንድ ክፉ በሽታ ያገኛቸዋል፤ ዐይናቸው ዒላማውን ገና ሲነካ፥ እጃቸው ማረፊያው ሳይደርስ፥ ጣታቸው ሳያዝዙት ይፈታል። አንዳንዱም በተቃራኒው ዒላማው ላይ መድረስ ተስኖት ከበታቹ ይቆማል። ይህ የዐይን ወይም የክንድ ድካም አይደለም፤ የመምታት ጉጉት ሥርዓቱን የቀደመበት ነው። የሚታወቀው መድኃኒትም ዒላማን ጨርሶ መተው ነው፤ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ከሣር ክምር ፊት ቆሞ ዐይንን ጨፍኖ መሳብ፥ አንዳንድ ጊዜም ስቦ ሳይለቁ መመለስ፥ ይህንንም ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ለሳምንታት መደጋገም። ከለቀቁም በኋላ ፍላጻው እስኪያርፍ ድረስ የግራ እጅን ካለበት አለማውረድ ያስፈልጋል፤ ፍላጻው ወዴት እንደ ሄደ ለማየት የሚቸኩል ሰው ደጋኑን ገና አውታሩ ሳይርፍ ያነቃንቀዋል።

እስካሁን የተናገርነው ለአደንም ለውድድርም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ስለ ርቀት ሲነሣ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብንጠቀም አንባቢ አይቀየመንም። ፍላጻው በሴኮንድ 45 ሜትር ይበራል እንበል፤ የአየርንም ተቃውሞ እንተው። 20 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ የማይሞላ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ ከቀጥተኛው መስመር 1 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በ40 ሜትር ጊዜው እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ ግን አራት እጥፍ፥ ማለት 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አዳኙ ርቀቱን ከዐሥር አንድ እጅ አብዝቶ ቢገምት፥ 20 ሜትሩን 22 ነው ቢል፥ ፍላጻው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል፤ 40 ሜትሩን 44 ቢል ግን 39 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ስፋቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ያው አንድ ስሕተት በቅርብ ሲሆን ይማራል፥ በሩቅ ሲሆን ያስታል፤ ወይም ከመሳት የከፋውን ያደርጋል፤ ሆዱን ወይም እግሩን ወግቶ እንስሳው ጫካ ውስጥ ለቀናት ተሠቃይቶ እንዲሞት፥ አዳኙም ባዶ እጁን እንዲመለስ ምክንያት ይሆናል። በቀስት ማደን ላይ የሚነሣው የሕሊና ጥያቄ ሁሉ በዚህ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለ ነው። በዚህ ላይ ድምፅ አለ። የአውታሩ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከፍላጻው አስቀድሞ ይደርሳል፤ በ20 ሜትር ላይ እንስሳው ለመደንገጥ ከ4 ዐሥረኛ ሴኮንድ የማይበልጥ ጊዜ ሲኖረው በ40 ሜትር ግን ከ7 ዐሥረኛ በላይ ያገኛል። አጋዘን ለመዝለል ሲዘጋጅ አስቀድሞ ወደ መሬት ዝቅ ስለሚል፥ በትክክል የተወረወረ ፍላጻ እንኳ በጀርባው ላይ ሊያልፍ ይችላል።

ኢሺ ይህን ሒሳብ በቁጥር አላወቀውም፤ በኑሮው ግን ያውቀው ነበረ። ጥበቡን ያዋለው ሩቅ በመወርወር ላይ ሳይሆን በመቅረብ ላይ ነው። ከንፈሩን በጣቶቹ ላይ አድርጎ እየመጠጠ የተጨነቀች ጥንቸልን ድምፅ ያሰማል፤ በታጠፈ ቅጠልም የአጋዘን ግልገልን ጩኸት ያወጣል፤ የተሞላ የአጋዘን ራስ በራሱ ላይ ደፍቶ ከቁጥቋጦ በላይ ብቅ ያደርጋል፤ በነፋሱ ተቃራኒ ሆኖም ያደባል። ለአደን በሚወጣበት ዋዜማ ዓሣ አይበላም፥ ትምባሆ አያጨስም፤ ሌሊት ተነሥቶ በወንዝ ይታጠባል፥ ሰውነቱንም መዓዛ ባላቸው ቅጠሎች ያሻል፥ ምግብም ሳይቀምስ ይሄዳል። ደጋኑንም ሴት እንድትነካው፥ ሕፃን እንዲራመድበት አይፈቅድም፤ እንዲህ የሆነበት ደጋን ጠማማ ይወረውራል ይል ነበረ። ደጋን ቆሞ ሲውል እንደሚደክምና እንደሚያልበው፥ ተጋድሞ ሲቀመጥ ግን እንደሚያርፍ ያምን ነበረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በአጉል እምነት ስም በአንድ ከረጢት ይከቱታል። በእኛ አስተያየት ግን መለየት ያስፈልጋል፤ መታጠቡና ትምባሆ መተዉ ሽታን ያጠፋል፤ ደጋኑን ሌላ ሰው እንዳይዘው መከልከሉ የመሣሪያውን ጠባይ ይጠብቃል። ለአደን ጉልበት ይሰጣል ብሎ እግሩንና ክንዱን በስለት እየጫረ ደም ማውጣቱ ግን ከዚህ ምድብ አይገባም፤ ይህን እንዳለ መመዝገብ እንጂ ጥቅም መፈለግለት አያስፈልግም።

ፖፕና ኢሺ አብረው ይወዳደሩ ነበረ። በውድድር ሜዳ፥ በሩቅ በተተከለ ሰፊ ዒላማ ላይ፥ በእንግሊዞች ሥርዓት የሚወረውረው ፖፕ እየበለጠ ሄደ። ኢሺ ግን ከ10 እስከ 20 ያርድ ባለው ርቀት፥ ድርጭት በሚያህል ትንሽ ነገር ላይ ሲወረውር እውነተኛ ብቃቱ ይታይ ነበረ። ከዚህ ተነሥቶ ሐኪሙ ከመምህሩ በለጠ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ይሆናል። የውድድር ቀስተኛ ርቀቱ ተለክቶ ይነገረዋል፤ መሬቱ የተደለደለ ነው፤ የመጀመሪያው ፍላጻ ቢስት በሁለተኛው ያርመዋል፤ ድምሩም በመጨረሻ ይቆጠራል። አዳኝ ግን ያልተለካ ርቀት፥ ዘንባላ መሬት፥ የቀዘቀዘ ጡንቻና አንድ ፍላጻ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያዋ ካልመታች ሁለተኛ የላትም። ስለዚህ ለአደን የሚሠለጥን ሰው ከአንድ መቶ ፍላጻ ይልቅ፥ በየማለዳው ካልታወቀ ስፍራ የሚወረውራት አንዲት ፍላጻ የበለጠ ታስተምረዋለች፤ ተንበርክኮ፥ ቁልቁል፥ በቅርንጫፍ መካከል መወርወርንም መልመድ አለበት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በመጀመሪያዋ ፍላጻ የሚመታበትን ርቀት ለይቶ ከዚያ አለማለፍ ነው። ኢሺ ያላለፈው ይህን ወሰን ነበረ።

በግንቦት 1914 ኢሺ ከክሮበር፥ ከዋተርማን፥ ከፖፕና ከፖፕ ልጅ ጋር ወደ ተወለደበት ሸለቆ ተመልሶ የአደኑን ሥራ በስፍራው አሳያቸው። በመጋቢት 25 ቀን 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ወዳጆቹ ከአስከሬኑ ጋር አንድ ደጋኑንና አምስት ፍላጻዎቹን አኖሩለት። ከእርሱ በኋላ እንደ ያሂ ሥርዓት ደጋን የሚስብ ሰው በትውልድ አልቀረም፤ ያ አያያዝ የሚታወቀው ፖፕ ስለ ጻፈው ብቻ ነው።

በእኛም አገር በምዕራቡ ቆላ፥ በተለይ በጉሙዝ ዘንድ፥ ደጋንና ፍላጻ የታወቀ የወንዶች መሣሪያ ነው። እንዲህ ወዳለው ስፍራ የሚሄድ ተማሪ ደጋኑን ገዝቶ ከመመለሱ በፊት ባለቤቱን ደጋግሞ ሲወረውር ቢያየው መልካም ነው። የትኛው ጣት በአውታሩ ላይ፥ የትኛውም በፍላጻው ላይ እንዳረፈ፤ ፍላጻው ከደጋኑ በስተግራ ወይስ በስተቀኝ እንደሚያልፍ፤ የሚስበው እጅ የሚቆምበትን የሰውነት ክፍል፤ ስቦ የሚቆይበትን ጊዜ፤ ደጋኑ ቀጥ ብሎ ወይስ ተጋድሞ እንደሚያዝ፤ የግራ እጁ ጣቶች የጨበጡ ወይስ የተፈቱ መሆናቸውን ይጻፍ። ከስንት እርምጃ በላይ እንደማይወረውርና ስለ ምን እንደማይወረውር ይጠይቀው፤ ልጁንም ሲያስተምር መጀመሪያ የሚነግረው ቃል ምን እንደ ሆነ በራሱ በባለቤቱ ቋንቋ ይመዝገብ።